3.7 ከ4፣ ሽልማት ግን ወፍ የለም፦ የአውሮፓ ፊልም ሐያስያን ፍርድ እንዴት ይነበባል?

ነገሩ የሆነው በ2016 ሜይ ላይ፣ ደቡብ ፈረንሳይ፣ ካን ከተማ፣ የፊልም ፌስቲቫሉ ላይ ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።) ማረን አዴ የምትባል ጀርመናዊት ዳይሬክተር ቶኒ ኤርድማን የተባለ ፊልም ይዛ መጣች። ርዝመቱ 162 ደቂቃ። ታሪኩ ግን ባንድ ትንፋሽ ይነገራል። ቀልድ የማይሰለቸው አንድ የሙዚቃ መምህር፣ ቡካሬስት ውስጥ ለአማካሪ ድርጅት ቀን ከሌት የምትለፋ ልጁን ሊጠይቅ ይሄዳል፤ ቀናት ቆይቶ ስትሸኘው የሄደ መስሎ ይቀራል፤ ከዚያ ዊግ አጥልቆ፣ የውሸት ጥርስ ሰክቶ፣ "ቶኒ ኤርድማን እባላለሁ" እያለ በሥራ ባልደረቦቿ መሃል ብቅ ይላል።

ሐያስያኑ አበዱ። ለጋዜጠኞች በታየበት አዳራሽ ፊልሙ ሳያልቅ መሃል ላይ ተጨበጨበ። ስክሪን ኢንተርናሽናል የሚባለው የሙያ መጽሔት ካን ላይ በየዓመቱ የሚያወጣው የሐያስያን ሠንጠረዥ አለ፤ እዚያ ላይ ከ4 3.7 አገኘ። እስከዚያ ቀን ማንም ያላገኘው ነጥብ ነው። ሰው ሁሉ "አለቀ፣ ወርቃማው ዘንባባ የሷ ነው" አለ፤ የካን ትልቁ ሽልማት ማለት ነው።

የሽልማቱ ምሽት ደረሰ። ወርቃማው ዘንባባ ለእንግሊዛዊው ኬን ሎች ተሰጠ። የተቀሩትም አንድ በአንድ ለሌላ ለሌላ ሄዱ። ለቶኒ ኤርድማን ከዋናዎቹ ዳኞች ወፍ የለም።

ታዲያ የተሳሳተው ማነው? ይህን ጥያቄ ጓደኞቼ ሲያነሱት ብዙ ሰምቻለሁ። ብዙ ጊዜ የሚጨርሱትም "ሐያሲ የሚባል ፍጡር ሰው የሚወደውን አይወድም" ወይም "ዳኞቹ ተሸጠዋል" ብለው ነው። ሁለቱም አይደለም። የአውሮፓ ፊልም ላይ የሚሰጥ ፍርድ አንድ ዓይነት አይደለም። እያንዳንዱ ፈራጅ የሚመልሰው ጥያቄ ሌላ ነው። ጥያቄውን ካላወቃችሁ መልሱ ግራ ያጋባችኋል፤ ካወቃችሁት ግን ኮከቡም ቁጥሩም ይጠቅማችኋል።

ከካን እንጀምር። እዚያ ቢያንስ ሦስት ዓይነት ፈራጅ አለ።

አንደኛው ዋናው የዳኞች ቡድን ነው። በ2016 ዘጠኝ ነበሩ፣ ሰብሳቢያቸው አውስትራሊያዊው ጆርጅ ሚለር። አብዛኞቹ ራሳቸው ዳይሬክተርና ተዋናይ ናቸው። በዝግ በር ይመክራሉ፣ አብዛኞቻቸውን የሚያስማማ መፈለግ አለባቸው፣ ሽልማቱንም ለብዙ ፊልም ማከፋፈል ይጠበቅባቸዋል። እንግዲህ የቤተሰብ ሽምግልና ላይ ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ግማሹ በጣም የሚወደውና ግማሹ የሚጠላው ነገር ይቀርና፣ ሁሉም "እሺ፣ ይሁን" የሚለው ያልፋል። በዚያ ዓመት በር ዘግተው ምን እንደተባባሉ እነሱ ናቸው የሚያውቁት። የአሠራሩ ጠባይ ግን ይህ ነው።

ሁለተኛው ሐያሲው ነው። አሥራ ሁለት ቀን ገደማ ውስጥ ለዋናው ሽልማት የሚፎካከሩ ሃያ ገደማ ፊልሞች ያያል፣ ሌላውን የጎን ፕሮግራም ሳንቆጥር። ጧት ማየት፣ ቀን መጻፍ፣ ማታ ደግሞ ማየት። አብዛኞቹ ፊልሞች ደግሞ ስለ ሞት፣ ስለ ሥራ አጥነት፣ ስለ ጦርነት ናቸው። በመሃል አንድ የሚያስቅ ነገር ሲመጣ የሚሰማውን እፎይታ አስቡት። 3.7 ውስጥ ይህ እፎይታ ድርሻ የለውም ብዬ አልምልም።

ሦስተኛው የምሽቱ እንግዳ ነው፦ ጥቁር ሱፍ፣ ቀይ ምንጣፍ። "ፊልሙ ለአሥር ደቂቃ ቆመው አጨበጨቡለት" የሚል ዜና ስታዩ እሱ ከዚህ አዳራሽ ነው የመጣው። ዳይሬክተሩ ከነተዋናዮቹ እዚያው ተቀምጧል፣ ካሜራው ፊቱ ላይ ነው፣ መጀመሪያ እጁን ያወረደ ሰው ባለጌ ይመስላል። ሠርግ ላይ ሙሽራው ሲገባ አላጨበጭብም ያለ ሰው አይታችኋል? በደቂቃ የሚለካው ጭብጨባ ከፍርድ የማይቆጠረው ለዚህ ነው፤ እኔ በበኩሌ እንዲህ ዓይነት ዜና ሳይ ሳላነብ ነው የማልፈው። ድሮ ጋዜጠኞች ፊልሙን ከዚህ ግብዣ ቀድመው ያዩ ነበር፤ ዳይሬክተሩ ሱፉን ለብሶ ሲገባ የተሰደበው ስድብ ኢንተርኔቱን ሞልቶ ይጠብቀዋል። በ2018 ፌስቲቫሉ ይህን ቅደም ተከተል ቀየረው። ለፊልም ሠሪዎቹ ደግ ነገር ነው፣ ለጋዜጠኞቹ ግን አልጣማቸውም።

አሁን ወደ ቁጥሩ። የስክሪን ሠንጠረዥ አሠራር ቀላል ነው። ከተለያዩ አገሮች ጋዜጦችና መጽሔቶች አሥር ምናምን ሐያስያን ይመረጣሉ። እያንዳንዳቸው ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ ከ0 እስከ 4 ይሰጣሉ። 4 ግሩም፣ 3 ጥሩ፣ 2 መካከለኛ፣ 1 ደካማ፣ 0 ያው 0 ነው። ተደምሮ ይካፈላል፣ በቃ። 3.7 ማለት አብዛኛው ሰው 4 ሰጥቷል ማለት ነው፣ ይሄ ሐያስያን መሃል እንደ ተአምር የሚቆጠር ነገር ነው። በዚያው ዓመት የአሜሪካዊው ሾን ፔን ፊልም 0.2 አገኘ። ስታሰሉት ሁሉም ማለት ይቻላል 0 ሰጥቶ አንድ ሁለት አዛኝ ሰው ነጥብ ጣል አድርጎለታል። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ የኮሪያው በርኒንግ 3.8 አግኝቶ የቶኒ ኤርድማንን ክብረ ወሰን ሰበረ፤ እሱም ከዋናዎቹ ዳኞች ባዶ እጁን ነው የተመለሰው። እዚያ ሠንጠረዥ ላይ አንደኛ መውጣት ገድ የለውም መሰለኝ።

ይሄ ቁጥር ቢያንስ እውነተኛ አማካይ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሌላው ላይ ነው፣ የሐያስያንን ፍርድ የሚሰበስበው ድረ ገጽ ሮተን ቶሜቶስ ላይ። እዚያ 95 ከመቶ ሲል ፊልሙ ከመቶ 95 አገኘ ማለት አይደለም። ከመቶ ሐያስያን 95ቱ "ደህና ነው" እና ከዚያ በላይ አሉ ማለት ነው። በምሳሌ ልየው። አንድ ፊልም አሥር ሐያስያን አዩት፣ አሥሩም "ክፉ አይደለም፣ 6 ከ10" አሉ። ውጤቱ 100 ከመቶ። ሌላውን ፊልም ሰባቱ በእንባ ወድደው 10 ሰጡት፣ ሦስቱ ጠልተው 4 ሰጡት። ውጤቱ 70 ከመቶ። አማካዩን ካያችሁ ግን ሁለተኛው 8.2 ነው፣ አንደኛው 6። ሜታክሪቲክ የሚባለው ሌላው ድረ ገጽ በአማካይ ስለሚያሰላ ከዚህ ይሻላል፣ እሱም ቢሆን አንዳንዱን ሐያሲ ከሌላው አስበልጦ ነው የሚመዝነው። ከዚህ የምትይዙት ነገር ቢኖር፦ የአውሮፓ ፊልም ሆነው 70 አካባቢ የሚያገኙትን አትናቋቸው። ብዙ ጊዜ የሚያጣሉት ናቸው፤ የሚያጣላ ፊልም ደግሞ ቢያንስ የሚናገረው አለው።

እሺ፣ ቁጥሩን እዚህ እንተወው። ወደ ዋናው ነገር፣ ሐያሲው ምንድነው የሚፈልገው?

ለዚህ ወደ 1951 መመለስ አለብን፣ ፓሪስ። አንድሬ ባዜን እና ጓደኞቹ ካዬ ዱ ሲኔማ የሚባል መጽሔት አቋቋሙ። ከሦስት ዓመት በኋላ ፍራንሷ ትሩፎ የሚባል የ21 ዓመት ልጅ እዚያ ላይ አንድ ረጅም ጽሑፍ አወጣ፣ የአገሩን የተከበሩ ፊልም ሠሪዎች ጥምብርኩሳቸውን ያወጣበት። ክሱ ባጭሩ፣ "እናንተ የታወቀ ልቦለድ ወስዳችሁ አሳምራችሁ ትቀርጻላችሁ እንጂ ሲኒማ አትሠሩም" የሚል ነበር። ለትሩፎና ለጓደኞቹ የፊልም ባለቤት ዳይሬክተሩ ነው፤ ደራሲ ልቦለዱ ላይ እጁ እንደሚታወቅ ሁሉ ዳይሬክተሩም ፊልሙ ላይ እጁ መታወቅ አለበት። ሰውዬው ምላሱ ከመሳሉ የተነሳ በ1958 ካን አትገባም ተባለ። በ1959 የራሱን ፊልም ይዞ ተመልሶ እዚያው የምርጥ ዳይሬክተር ሽልማት ወሰደ። ተረት ይመስላል፣ ግን ሆኗል።

የዛሬ ሐያሲ ይህን ወርሷል። ስለዚህ አዲስ ፊልም ሲያይ የሚጠይቀው "ደስ ይላል ወይ?" የሚለውን ብቻ አይደለም። "ይሄ ሰው ካለፈው ሥራው ወዴት ተራመደ?" ይላል። አንድ ዳይሬክተር ስድስት ጥሩ ፊልም ሠርቶ ሰባተኛው ከስድስቱ ጋር ሲመሳሰል "ራሱን ደገመ" ይባልና ሦስት ኮከብ ይሰጠዋል። እናንተ ስድስቱን ሳታዩ ሰባተኛውን ብታዩት ግን አፋችሁን ከፍታችሁ ነው የምትቀሩት። ቤልጅጎቹ ወንድማማቾች ዣን ፒየር እና ሉክ ዳርደን በዚህ ብዙ ተበድለዋል ብዬ አምናለሁ። በ1999 እና በ2005 ሁለት ጊዜ ወርቃማውን ዘንባባ ወሰዱ። ካሜራቸው ሰውዬው ማጅራት ላይ ተለጥፎ ይሄዳል፣ ሰውዬው ሥራ ወይም ገንዘብ ወይም ይቅርታ ፍለጋ ይሮጣል፣ ቦታው ሁሌም ሊዬዥ አጠገብ ያለችው የብረት ፋብሪካ ከተማ ሰራን ናት ማለት ይቻላል። ሐያስያን "ያው የዳርደኖቹ ነገር" ማለት ከጀመሩ ቆይተዋል። እንጀራ የሚጋግር ሰው ዛሬም እንጀራ ጋገረ ብሎ መውቀስ ምን የሚሉት ነው?

ሌላው ሐያሲውንና ተራውን ተመልካች የሚያጣላው ዝግታ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም አብዛኛው ቅሬታ ከዚህ ነው የሚነሳው።

ሳይት ኤንድ ሳውንድ የሚባለው የእንግሊዝ መጽሔት ከ1952 ጀምሮ በየአሥር ዓመቱ "የምንጊዜም ምርጥ ፊልም የቱ ነው?" ብሎ ሐያስያንን ይጠይቃል። በ2022 ከ1,600 በላይ ሰዎች ድምፅ ሰጡ። አንደኛ የወጣው ቤልጅጋዊቷ ሻንታል አከርማን 25 ዓመት ሳይሞላት የሠራችው፣ በ1975 የወጣ ፊልም ነው፤ ርዕሱ የባለታሪኳ ስምና አድራሻ ነው፣ ዣን ዲልማን። ከሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ በላይ ይፈጃል። አንዲት ባሏ የሞተባት ብራስልስ የምትኖር ሴት ሦስት ቀን እናያታለን። ድንች ትልጣለች። ዕቃ ታጥባለች። ለልጇ እራት ታቀርባለች። ከሰዓት በኋላ ወንድ ይመጣል፣ ይከፍላል፣ ይሄዳል፤ ገንዘቡን ጠረጴዛው ላይ ያለው የሾርባ ዕቃ ውስጥ ትከታለች።

ይህን ፊልም ከእህቴ ጋር ነበር የጀመርኩት። "ድንች ለመላጥ ለመላጥ ማጀት አለ አይደል፣ ሄደሽ ላጪ" ብላኝ ሃያኛው ደቂቃ ላይ ተኛች። እውነቷን ነው። እኔም ሁለተኛው ቀን እስኪደርስ ድረስ ሰዓቴን እያየሁ ነበር። ሁለተኛው ቀን ላይ ግን ድንቹ ከመጠን በላይ በሰለ። በቃ፣ ያ ነው የሆነው። ሴትዮዋ ድስቱን ይዛ ከኩሽና ወደ መታጠቢያ ቤት፣ ከመታጠቢያ ቤት ወደ ኩሽና ትዞራለች፤ የት እንደምታደርገው ጠፍቷታል። እኔ ደግሞ ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ልቤ ይመታል። አንድ ሰዓት ሙሉ ነገሮቿ ሁሉ ቦታ ቦታቸውን ይዘው ስላየሁ፣ አንድ ድንች ሲያር ቤቱ የተቃጠለ ያህል ተሰማኝ። ቁልፍ ሳትቆልፍ ትቀራለች፣ የሾርባው ዕቃ ክዳን ተከፍቶ ይቀራል። ፈጣን ፊልም ይህን ሊያደርግ አይችልም፤ መጀመሪያ ሥርዓቱን እንድንለምደው ጊዜ መስጠት አለበት። ሐያሲው ለዝግታ ኮከብ የሚሰጠው እንዲህ ሲከፍል ነው። የማይከፍል ዝግታም ሞልቷል፤ ሰውዬው መስኮት ላይ አራት ደቂቃ ይቆማል፣ አምስተኛው ደቂቃ ላይ ዞር ይላል። እሱን የሚያሞግስ ሐያሲ ሳገኝ ከዚያ በኋላ ጽሑፉን በጥርጣሬ ነው የማነበው።

የአንደኝነቱ ነገር ላይ ግን አንድ ቃል። ዣን ዲልማን በ2012 ሠላሳዎቹ ውስጥ ነበረች። ፊልሟ አልተቀየረችም፣ የተቀየረው መራጩ ነው፤ በ2012 የመረጡት ሐያስያን 846 ነበሩ፣ በ2022 ቁጥሩ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ይህን አንዳንዶች "ፖለቲካ ገባበት" ብለው ተናደዱ። ፖለቲካው ድሮም ነበር እኮ፣ የሚመርጡት ጥቂት ሰዎች ስለሆኑ ነው ያልታየን።

ዝግታ ሲከፍል ምን እንደሚመስል ከዘመናዊዎቹ አንድ ልጨምር። ሩማንያዊው ክርስቲያን ሙንጂዩ በ2007 ወርቃማውን ዘንባባ የወሰደበት ፊልም አለ፣ ርዕሱ 4 ወር፣ 3 ሳምንትና 2 ቀን። ጊዜው 1987፣ የአምባገነኑ ቻውሼስኩ ዘመን፣ ጽንስ ማቋረጥ በሕግ የተከለከለበት አገር። አንዲት ተማሪ ጓደኛዋን በድብቅ ጽንስ እንድታቋርጥ ትረዳታለች። ጓደኛዋን ሆቴል ክፍል ውስጥ ብቻዋን ትታ፣ ቃል ስለገባች ብቻ የፍቅረኛዋ እናት ልደት ላይ ትሄዳለች። ካሜራው ጠረጴዛው ፊት ለፊት ይቀመጣል። ልጅቷ መሃል ላይ፣ ግራና ቀኝ ሐኪሞችና የሐኪም ሚስቶች ተጨናንቀው ይበላሉ፣ ያወራሉ፣ ይስቃሉ። ካሜራው አይንቀሳቀስም፣ አይቆረጥም፣ ደቂቃዎች ያልፋሉ። ልጅቷ ዝም። መርዶ ይዞ ድግስ ላይ የተቀመጠ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ያ ነው። አሜሪካኖቹ ቢሠሩት ወደ ሆቴሉ እየቆረጡ ያሳዩን ነበር። ሙንጂዩ ከልጅቷ ጋር እዚያው አሠረን፤ ሆቴሉ ውስጥ ያለውን ራሳችን እንድናስበው። ለእኔ የሩማንያ ፊልም ባለፉት ሃያ ዓመታት የአውሮፓ ሲኒማ ያየው ትልቁ ነገር ነው፣ የሠሩትም እዚህ ግባ በማይባል ገንዘብ ነው።

በተቃራኒው ደግሞ ሩበን ኦስትሉንድ አለ። ስዊድናዊ ነው፣ በ2017 እና በ2022 ሁለት ወርቃማ ዘንባባ ወስዷል። የ2022ቱ ትራያንግል ኦፍ ሳድነስ የቅንጦት መርከብ ላይ ያሉ ባለጠጎች በማዕበል መሃል እራት በልተው በየአቅጣጫው የሚያስመልሱበት ረጅም ትዕይንት አለው። ዳኞቹ ወደዱት። ሐያስያኑ ለሁለት ተከፈሉ። የጠሉት ያሉት ነገር፣ ቀልዱ ቀላል ዒላማ ላይ ነው የሚተኩሰው፣ ባለጠጋ ላይ ማፌዝ ምን ያህል ድፍረት ይጠይቃል፣ የሚል ነው። እኔም ከነሱ ጋር ነኝ። በ2014 የሠራው ግን ሌላ ነበር፦ የበረዶ ናዳ የመጣ ሲመስል አባት ሚስቱንና ልጆቹን ትቶ ስልኩን ይዞ ይሮጣል፤ ናዳው ሳይነካቸው ይቀራል፤ ተመልሶ ይመጣና ምሳው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ ያለው ጸጥታ! እዚያ የሚያፌዘው እኛ ላይ ነው፣ መርከብ በሌለን ሰዎች ላይ።

አያችሁ፣ አሁን እኔም ሐያሲው የሚያደርገውን አደረግሁ። የሰውየውን አዲስ ሥራ በድሮው መዘንኩት።

አንድ ሐያሲ የፈለገውን ቢል ለምን ይህን ያህል ክብደት ያገኛል? መልሱ ገንዘብ ውስጥ ነው። የሆሊውድ ፊልም በማስታወቂያ ነው የሚሸጠው፤ ሐያሲው ቢሰድበውም ሰው ይገባል። የአውሮፓ ፊልም አብዛኛው የማስታወቂያ ብር የለውም። የሚሠራው በሕዝብ ገንዘብ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ከእያንዳንዱ የሲኒማ ትኬት ላይ 10.72 ከመቶ ተቆርጦ ሲኤንሲ ወደሚባለው መንግሥታዊ ተቋም ቋት ይገባል፣ እዚያም ለፊልም ሥራ ይከፋፈላል። የአሜሪካን ፊልም የሚያየውም ሰው ይከፍላል፤ ማለትም ፓሪስ ውስጥ የልዕለ ጀግና ፊልም የሚገባ ልጅ ሳያውቀው ለአንዱ ዝግተኛ ፊልም ያዋጣል። ደስ የሚል ተንኮል ነው። በአውሮፓ ደረጃ ደግሞ ዩሪማዥ የሚባል ቋት አለ፤ ከእሱ ለማግኘት ከአንድ አገር በላይ ተባብሮ መሥራት ግድ ነው። ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት የአምስት ድርጅት ምልክት የሚደረደረው ለዚህ ነው። በዚህ መንገድ የተሠራ ፊልም የሚታወቀው ፌስቲቫል ገብቶ፣ ሐያስያን ጽፈውለት፣ ከዚያ አከፋፋይ ሲገዛው ነው። ካን ላይ ሁለት ኮከብ ያገኘ የመጀመሪያ ፊልም አከፋፋይ ሊያጣ ይችላል። የሐያሲው ቃል እዚህ ላይ ከምክር አልፎ የሰው እንጀራ ይሆናል።

ይህ ነገር እኛንም ይነካናል። የኃይሌ ገሪማ ጤዛ ከአውሮፓ ገንዘብ ጋር በጋራ የተሠራ ነው፣ በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ስክሪፕት ሽልማት አግኝቷል። የያሬድ ዘለቀ ፊልም ላምብ በ2015 ካን ይፋ ምርጫ ውስጥ ሲገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነበር፣ እሱም የብዙ አገር ገንዘብ አለበት። ጤዛን ሳስብ ስለ ሐያስያን ፍርድ አንድ ነገር ይገባኛል። ፈረንጁ ሐያሲ ርዕሱን "የጧት እርጥበት" ብሎ ይተረጉምና ያልፋል። እኛ ግን ቃሉን ስንሰማው ፀሐይ ስትወጣ መርገፉን አብረን ነው የምንሰማው፤ ያ ሁሉ ወጣት እንደ ጤዛ መርገፉን። ሐያሲው አልሰነፈም፣ ከሥር በሚሄደው ጽሑፍ ነው የሚያየው።

በተቃራኒው ደግሞ እኛ ከእንግሊዙና ከአሜሪካው ሐያሲ የምንበልጥበት ቦታ አለ። ጀርመንኛና ፈረንሳይኛ እንደኛ "አንተ" እና "እርስዎ" አላቸው። በእንግሊዝኛው ጽሑፍ ሁለቱም አንድ ቃል ይሆናሉ። አንዲት ሴት ወንዱን ለሁለት ሰዓት "እርስዎ" ስትለው ቆይታ በመጨረሻ "አንተ" ብትለው፣ ወይም ባልና ሚስት ተጣልተው ወደ "እርስዎ" ቢመለሱ፣ እንግሊዝኛ አንባቢው ሐያሲ ምንም ሳይታየው "ጨዋታው ቀዝቃዛ ነው" ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ጆሯችሁን ጣል አድርጉ። የጀርመኑን "ዱ" እና "ዚ"፣ የፈረንሳዩን "ቱ" እና "ቩ" መለየት ለአማርኛ ተናጋሪ የአንድ ቀን ሥራ ነው።

ፍርድ ይገለበጣል ደግሞ። በ1960 የጣልያናዊው አንቶኒዮኒ ፊልም፣ ላቬንቱራ፣ ካን ላይ ሲታይ አዳራሹ ጮኸበት፣ ተሳቀበት። በማግስቱ ፊልም ሠሪዎችና ሐያስያን ፈርመው የድጋፍ መግለጫ አወጡ፣ ፌስቲቫሉም ሲያልቅ የዳኞችን ሽልማት አገኘ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሳይት ኤንድ ሳውንድ ላይ የምንጊዜም ሁለተኛ ምርጥ ተባለ። በ2022 ደግሞ ከአሥሮቹ ውስጥ የለም። ያው አንድ ፊልም ነው።

እኔ እንዴት እንደምጠቀምበት ልንገራችሁ። አምስት ኮከብ የሰጠውን ጽሑፍ ትቼ ሁለት ኮከብ የሰጠውን አነባለሁ። የወደደ ሰው ቃላቱ ያው ናቸው፣ "ድንቅ"፣ "ጥልቅ"፣ "የማይረሳ"። የጠላ ሰው ግን ለምን እንደጠላ ሲዘረዝር ፊልሙ ምን እንደሆነ ሳያስበው ይነግረኛል። "ሁለት ሰዓት ሙሉ ሰዎች ኩሽና ውስጥ ሲጨቃጨቁ" ብሎ ሲራገም እኔ ትኬት እየቆረጥኩ ነው። ደግሞ አንድ ሐያሲ ይዛችሁ ተከተሉ፣ ባትስማሙም። እኔ የማነበው አንድ አለ፣ ሙዚቃ የበዛበት ፊልም አይወድም፣ እኔ እወዳለሁ። "በዘፈን ተጨናንቋል" ካለ ለኔ ነው።

የቃላቱንም ፍቺ ልመዱ። "ታጋሽ ተመልካች ይፈልጋል" ማለት ቡና ጠጥታችሁ ግቡ ነው። "ያልተመጣጠነ" ማለት ግማሹ ጥሩ ነው። "ደፋር" ማለት አንድ ትዕይንት ላይ ዓይናችሁን ትሸፍናላችሁ። "ጠቃሚ ፊልም" የሚል ካያችሁ ግን ተጠንቀቁ፣ ሐያሲው ርዕሱን አክብሮ ፊልሙን አልወደደውም።

ወደ ቶኒ ኤርድማን ልመለስና ልጨርስ። ዋናዎቹ ዳኞች ቢያልፉትም፣ በ1930 ብራስልስ ላይ የተቋቋመው ፊፕሬሲ፣ የሐያስያን ዓለም አቀፍ ማኅበር ማለት ነው፣ እዚያው ካን ላይ የራሱን ሽልማት ሰጠው። በዓመቱ መጨረሻ ካዬ ዱ ሲኔማም ሳይት ኤንድ ሳውንድም የዓመቱ አንደኛ አሉት፣ የአውሮፓ ፊልም ሽልማት ላይም አምስት ወሰደ። ልጅቷን የተጫወተችው ሳንድራ ሁለር ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ2023፣ ካን ላይ አንደኛና ሁለተኛ በወጡት በሁለቱም ፊልሞች ላይ ነበረች።

መጀመሪያ ሳየው አንድ ሰዓት ሙሉ ዳኞቹ ልክ ነበሩ ብዬ ነበር። ሰውዬው ያሳፍራል፣ ቀልዱ አያስቅም፣ ልጅቷ ስልክ ላይ ናት። ከዚያ አባትየው ልጁን ይዞ በቅጡ የማያውቁት ቤተሰብ የፋሲካ ግብዣ ላይ ይገባል፣ ሰዎቹ እንቁላል ያቀልማሉ፣ እሱ ኪቦርድ ላይ ይቀመጥና ሳያማክራት የዊትኒ ሂውስተንን ዘፈን ይጀምራል። ልጅቷ ታየዋለች። ልትገድለው ነው የምትመስለው። ከዚያ ትዘፍናለች፣ እስከ መጨረሻው፣ ጉሮሮዋ እስኪነቃ፣ ስትጨርስ ጥላቸው ትወጣለች። ሶፋዬ ላይ ብቻዬን ቁጭ ብዬ አጨበጨብኩ።

ማየት ለምትፈልጉ 162 ደቂቃ ነው። ሽንት ቤት ቀድማችሁ ሂዱ።